አሮጌውን ባቡር ጣቢያ ገዝተን ሙዚየም እናድርገው? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ተወልጄ ያደግኩት በሚኤሶና በድሬዳዋ መሀል ባለች የባቡር ከተማ ነው፣ አያቴም አባቴም ባቡር ድርጅት ሠርተዋል። አሮጌው ጣቢያ አሁን ጣራው ግማሹ የለም፣ በርና መስኮቱ ተነቅሏል። ሚኒሊክ በ1890ዎቹ ያሠሩት ነው፣ ቻይናዎቹ አዲሱን መስመር ሲሠሩ ነው ያፈራረሱት ይባላል። እዚህም ውጭም ያለን የሰፈር ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ልንገዛውና ሙዚየም ልናደርገው አስበናል። ያነጋገርነው ግንበኛ በሲሚንቶ ልሶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በሁለት ወር እንደሚያስረክበን ነግሮናል። በመስመሩ ላይ ሌላ የተረፈ ጣቢያስ አለ ወይ? ከየት እንጀምር?»

የከተማዋን ስም ከጥያቄው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠባቂ የሌለው፣ ጣራው የተከፈተ፣ ብረት ያለበት ቤት የት እንዳለ በአደባባይ መጻፍ ለብረት ሌባ አድራሻ መስጠት ነው፣ እናንተም ገንዘብ ስታሰባስቡ ይሄን አስቡበት። የመስመሩ ልጅ ስለሆንክ አንቱ ሳልል በአንተ ልቀጥል። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ጣቢያውን መግዛት አትችሉም፣ ሙዚየሙን ለአሁኑ ተዉት፣ ሲሚንቶው ደጃፉ እንዳይደርስ፣ ያላችሁን ገንዘብ ደግሞ ጣራውና የጎርፍ መውረጃው ላይ ብቻ አውሉት። ምክንያቱ ረጅም ነው፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ዕድሜው። «ሚኒሊክ በ1890ዎቹ» የሚለው ለመስመሩ ጅማሬ ልክ ነው፣ ለእናንተ ጣቢያ ግን አይሆንም። ለስዊሱ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱ የተሰጠው በ1886 ነው፣ ሥራው ከጅቡቲ በኩል የተጀመረው በ1890፣ ሃዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው ታኅሣሥ 1895። ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራውን መውጣት ከባድም ውድም ስለሆነ ሜዳው ላይ ቀረና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በዚያው ተወለደች። ከዚያ ግን ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝና ጣልያን በመስመሩ ተነታረኩ፣ ንጉሡም ነገሩ የፈረንሳይ መንግሥት እጅ ማስገቢያ እንዳይሆን ስለሰጉ ወደፊት እንዲገፋ አልፈቀዱም። አዲስ ኩባንያ ቆሞ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ሃዲድ መዘርጋት የተጀመረው ከ1900 ወዲህ ነው፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909፣ ሚኒሊክ ከሞቱ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በኩል፣ ከሺኒሌ እስከ ደወሌ ያሉት ጣቢያዎች ቦታቸው ከእናንተው በአስር ዓመት ገደማ ይበልጣል። ሁሉም የሚያውቀው የለገሀር ሕንፃ እንኳ የተመረቀው ኅዳር 1922 ነው። ይሄን የምለው ክብሩን ለመቀነስ አይደለም፣ በር ላይ «1890» ብላችሁ የእብነበረድ ሰሌዳ ከመለጠፋችሁ በፊት እንድታውቁት ነው፣ አንዴ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስህተት በኋላ ማንም አያስለቅቀውም።

ሌላው ነገር፣ ሕንፃው ራሱ የአንድ ዘመን ሥራ አይደለም። ከላክሃቸው ፎቶዎች እንደማየው የሃዲዱ በኩል ያለው ፊቱ ድንጋይ ነው፣ ማዕዘኖቹ በጥንቃቄ የተጠረቡ፣ የጓሮው ክፍል ግን ብሎኬት ነው፣ ቲኬት መቁረጫው አጠገብ ያለው በርም ድሮ መስኮት የነበረ ነው፣ ቅስቱ ከላይ ቀርቷል። ይሄ መስመር የ1928ን ወረራ አይቷል፣ አምስቱን ዓመት ጣልያን ሲጠቀምበት ነበር፣ ከዚያ በ1969 እና 70 የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ ድልድዮቹ በፈንጂ ተመተዋል፣ አገልግሎቱም ተቋርጧል። ከእያንዳንዱ በኋላ የባቡር ድርጅቱ ግንበኞች በእጃቸው ባለው ዕቃ ጠግነዋል። ወጣት አርክቴክቶች ሲመጡ የመጀመሪያ ነገራቸው «ብሎኬቱ ኦሪጅናል ስላልሆነ እናፍርሰው» ነው፣ እናንተ እንዳትሰሟቸው። አባትህ የሠራው ምናልባት በብሎኬቱ ክፍል ውስጥ ነው፣ እሱም ታሪክ ነው፣ ደግሞ አፍርሶ ድንጋይ አስመስሎ መገንባት ለኪስም ለታሪክም ኪሳራ ነው።

አሁን ቻይናዎቹን እንያቸው። ይሄን ወሬ በመስመሩ ዳር ባሉ ከተሞች ሁሉ እሰማዋለሁ፣ ከመደጋገሙ የተነሳ እውነት መስሏል። አዲሱ ሃዲድ ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው፣ አሮጌው 1 ሜትር፣ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ መሄድ ስለማይችል አዲሱ የራሱ መንገድ ተቆርጦለት ነው የተሠራው፣ ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ነው የተተከሉት፣ ሰዉ ባጃጅ ይዞ ነው የሚሄደው። የሚያምታታው ስሙ ነው፣ በአዲሱም መስመር ሙሉ አለ፣ አፍደም አለ፣ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረር አለ፣ ስለዚህ «የኤረር ጣቢያ ታድሷል» ወይም «ፈርሷል» የሚል ዜና ስትሰማ መጀመሪያ የትኛው ብለህ ጠይቅ። ሁለቱ መስመሮች የሚጠጋጉበትና የሚቋረጡበት ቦታ አለ፣ እዚያ እዚያ ላይ ግሬደር የነካው ነገር ሊኖር ይችላል፣ ግን አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ሲመረቅ የገጠሮቹ ጣቢያዎች ሕመም ከጀመራቸው ቆይቷል።

የሕመሙን መነሻ ለማወቅ ጣቢያዎቹ ለምን እንደዚያ ተደጋግመው እንደተተከሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ለመንገደኛ ተብሎ አይደለም። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ጠጪ ነው፣ በየተወሰነ ርቀት ካልቆመና ካልሞላ አይሄድም፣ በዚያ በረሃ ውሃ የተገኘበት ወይም ሊሳብ የሚችልበት ቦታ ሁሉ ጣቢያ ሆነ። ደግሞ ሃዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከጅቡቲ የሚመጣውና ከአዲስ አበባ የሚወርደው የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ባለ ሁለተኛ ሃዲድ ነው፣ አንዱ ገብቶ ይጠብቃል ሌላው ያልፋል፣ ይሄን ደግሞ በስልክና በቴሌግራፍ የሚያቀናጅ ሰው ሌሊትም ቀንም ሊኖር ይገባል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የገጠር ጣቢያ ስትል የውሃ ማማ፣ የጣቢያ ሹም ቤት፣ የመስመር ጠጋኞች ሰፈር፣ መጋዘን፣ ከዚያ ሻይ ቤቱና የፍየሉና የወተቱ ገበያ ማለት ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዲዝል ሲመጣ ውሃው አላስፈለገም፣ የትንንሾቹ ጣቢያዎች ዋና ሥራ ያኔ ነው ያለቀው፣ ከዚያ በኋላ የቆዩት ለመተላለፊያና ለገበያው ነው። ቀጥሎ ጦርነቱ። ቀጥሎ 1990 ላይ ከኤርትራ ጋር ስንጣላ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ባቡሩ ሊያንሰራራበት የሚገባው ጊዜ እሱ ነበር፣ ጭነቱ ግን በጋላፊ በኩል በከባድ መኪና ሄደ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀምሮ ብዙም ሳይገፋ ቀረ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መሀል ባቡር ቆመ፣ የድሬዳዋና የጅቡቲው ትንሽ ተንገዳግዶ ተከተለው። ባቡር ሲቆም የጣቢያ ሹሙ ሄደ፣ ጠጋኙ ሄደ፣ ቦይ የሚጠርግና የተነቀለች ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው የንፋስ፣ የምስጥና የብረት ገበያ ሥራ ነው።

የመተሐራውን ደግሞ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ በአንድ አፍ ልለፈው። እዚያ ጠላቱ ሐይቁ ነው፣ በሰቃ በ1950ዎቹ ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ መንገዱንም ሃዲዱንም እያባረረ ሁለቱም ከፍ ተደርገው እንዲሞሉ አስገድዷል። ይሄ እናንተን አይመለከትም፣ ግን «ሁሉንም ሌባ ወሰደው» ለሚሉ ሰዎች ጥሩ መልስ ነው።

የተረፈ አለ ወይ ላልከው፣ አለ፣ እንዴት እንደተረፈ ግን ልብ ብለህ እየው። ለገሀር አለ፣ መሀል አዲስ አበባ፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ለፊቱ፣ ያ ጣልያን ወደ ሮም ወስዶት ከዓመታት በኋላ የተመለሰው። በ2011 በዙሪያው ትልቁ የለገሀር ግንባታ ሲታወጅ አሮጌው ጣቢያ ተጠብቆ እንደሚቆይ ተነግሯል፣ እንደዚያ ያለ ሕንፃ የሚያድነው ስሙና ሁሉም ሰው በዓይኑ ሥር የሚያየው መሆኑ ነው። ድሬዳዋ አለ፣ ጣቢያው ብቻ ሳይሆን ወርክሾፑ፣ አሮጌ ሎኮሞቲቮቹ፣ ጣልያን ያመጣው ዓይነት ሊቶሪና (በራሱ ሞተር የሚሄድ የመንገደኛ ፉርጎ)፣ ከፈረንሳዮቹ ዘመን የቀሩ የብረት መቁረጫና መፍጫ ማሽኖች። እኔን ከጠየቅከኝ ከመስመሩ ሁሉ ትልቁ ሀብት ይሄ ወርክሾፕ ነው፣ ከለገሀር ይበልጣል፣ ለገሀር ፊት ነው፣ ድሬ ግን ባቡሩን ሲያስኬድ የነበረው እጅ ነው፣ እጁን የሚያውቁት ሰዎችም እዚያው ከተማ ውስጥ ጡረታ ላይ ናቸው። አዋሽም አለ። ድሮ ባቡር ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ሌላውን አዋሽ ያድራል፣ የአዋሹ ቡፌ የተወለደው ከዚህ ነው፣ ማደሪያና ምግብ ቤት ስለሆነ ባቡሩ ከቆመም በኋላ በር የሚከፍትለት ሰው አላጣም። (ጥር 1977 ላይ ከአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከድልድዩ ወድቆ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፣ ስለመስመሩ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው የንጉሥ ፎቶ ብቻ ደርድሮ ይሄን ቢዘለው አዝንበታለሁ።)

እንግዲህ የቀሩትን ተመልከት። ስም ያለው ቀርቷል፣ ሥራ ያለው ቀርቷል። ስምም ሥራም የሌለው፣ ማለትም እንደ እናንተው ያለው የገጠር ጣቢያ፣ ግድግዳው ቆሞ ሌላው ይሄዳል። መጀመሪያ ስልኩና ደወሉ፣ ከዚያ በርና መስኮት፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የጣራው እንጨት፣ ጣራው ከሄደ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ለሰው ቤት መሠረት መሆን ይጀምራል። ሃዲዱና ከሥሩ የሚጋደመው የብረት አግዳሚ ደግሞ የቤት ምሰሶና የአጥር ቋሚ ሆኗል ወይም በኪሎ ተሸጧል። አግዳሚው ከመጀመሪያው ብረት የሆነው ምስጥ እንጨቱን ስለሚጨርሰው ነው፣ ጥንካሬው ነው ጠላት ያፈራበት። በእናንተ ከተማ ጣራው ገና «ግማሹ» ነው ያለው፣ ስለዚህ ጊዜ አላችሁ፣ ግን ብዙ አይደለም።

ስለ መግዛት። መሬት አይገዛም፣ እሱን ታውቀዋለህ። ሕንፃው ደግሞ የወረዳው አይደለም። አሮጌው ድርጅት መጀመሪያ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ነበር፣ ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ የሁለት መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ፣ ስለዚህ የንብረቱ ታሪክ ራሱ የተጠላለፈ ነው። ደብዳቤያችሁ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው፣ አዲሱን ባቡር ወደሚያንቀሳቅሰው የኢትዮ-ጅቡቲ አክሲዮን ማኅበር አይደለም፣ ሰዎች ሁልጊዜ ሁለቱን ያምታቱና ወራት ያቃጥላሉ። በደብዳቤው የምትጠይቁት ግዢ ሳይሆን የረጅም ጊዜ የመገልገያ ውል ነው፣ ጥገናው በማኅበሩ፣ ባለቤትነቱ በነበረበት። ከወረዳው ወይም ከቀበሌው «ተባበሩአቸው» የሚል ደብዳቤ ብታገኙ ጥሩ ነው፣ ሰላም ይሰጣችኋል፣ ግን ባለቤት ያልሆነ አካል የሰጠው ፈቃድ ላይ ብር ማፍሰስ እብደት ነው። አንድ ማኅበር ምን እንደደረሰበት አይቻለሁ፣ ከተማው ፈቅዶ፣ ጣራ ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሲያምር ጊዜ ሌላ መሥሪያ ቤት መጥቶ ቢሮ አደረገው፣ ሰነድ ስላልነበራቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ከዚያ ቅርስነቱ ይመጣል። አዋጅ 209/1992 በቅርስነት የተያዘን ሕንፃ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገንን አይፈቅድም፣ አዋጅ 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በአገርና በክልል ደረጃ ይከፍላል። የእናንተ ጣቢያ ለብቻው የአገር ደረጃ ያገኛል ብዬ አልጠብቅም፣ ክልል ደረጃ ግን ይገባዋል፣ የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እንዲመዘግበው ጠይቁ። መስመሩ ኦሮሚያንም አፋርንም ሶማሌንም ድሬዳዋንም ስለሚረግጥ የትኛው ክልል ቢሮ እንደሚመለከታችሁ መጀመሪያ አጣሩ፣ በተለይ ሚኤሶ አካባቢ ይሄ ጥያቄ ስሜት የሚነካ ነው፣ ጣቢያውን የወሰን ክርክር ውስጥ እንዳትከቱት። የሠራተኛ ቤቶቹ ውስጥ ጡረተኛ ወይም የጡረተኛ ቤተሰብ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ማንም እንዲነሳ የሚያደርግ ነገር በዕቅዳችሁ አይኑር፣ እነሱ ናቸው እስካሁን የጠበቁት።

ሙዚየሙን ለምን ተዉት አልኩ? ሙዚየም ሕንፃ አይደለም፣ ደሞዝ ነው። በየቀኑ የሚከፍት ሰው፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ ዕቃዎቹን የሚመዘግብ፣ በዓመት በዓመት የሚመደብ በጀት። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ቱሪስት ትንሽ ነው፣ የሚያልፈውም ድሬና ሐረር ነው ልቡ ያለው። ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ከዚያ የተቆለፈ ሙዚየም ጣራው እንደገና ሲያፈስ የሚያየው የለም። እናንተ የምትፈልጉት በር በየማለዳው የሚከፈት ነገር ነው። አንዱ ክፍል የተማሪዎች ማንበቢያ ይሁን፣ በረንዳው ሻይ ቤት ይሁን፣ መጋዘኑን የሴቶች ማኅበር ወይም የወተት ሻጮች ቢከራዩት ኪራዩ ቆርቆሮ ይገዛል። የጣቢያ ሹሙን ክፍል ብቻ ለታሪኩ ተዉለት፣ ፎቶዎች፣ የቲኬት ማህተም፣ ፋኖስ፣ ካርታ፣ በቃ። አዋሽን ያቆየው ቡፌው ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። የሰፈሩ ሰው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ሳትጠይቁ ግን ከቶሮንቶና ከዋሽንግተን ሆናችሁ አትወስኑለት፣ ምናልባት የሚፈልገው ክሊኒክ ሊሆን ይችላል፣ ይሁን።

አሁን ወደ ግንበኛችሁ። ሰውየው ክፉ ሐሳብ የለውም፣ የሚያውቀው ሲሚንቶ ነው። ያ ግድግዳ ግን በኖራ የታሰረ ድንጋይ ከሆነ፣ ፎቶው ላይ መገጣጠሚያው ነጣ ያለና በጥፍር የሚፋቅ ስለሚመስል ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ሲሚንቶ ልስን ይገድለዋል። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት አለ፣ በረሃም ቢሆን አለ፣ በተለይ ጎርፍ ከወረደ በኋላ፣ ከነጨው ይወጣል። ኖራ ያስተነፍሰዋል፣ ሲሚንቶ ግን ይደፍነዋል፣ ጨውም እርጥበቱም ከልስኑ ኋላ ይጠራቀምና ድንጋዩን ራሱን እየቀረፈ ይጥለዋል፣ ልስኑ ደህና መስሎ ውስጡ ዱቄት ይሆናል። ዘይት ቀለምም ያው ነው። ከድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፣ ስለዚህ ዕቃው ሩቅ አይደለም፣ ሩቁ የሚያውቀው እጅ ነው። ውሃ ተጨምሮበት በደንብ የጠፋና ያረፈ ኖራ፣ አንድ እጅ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጀምሩ፣ መጀመሪያ በጓሮ በኩል አንድ ካሬ ሜትር ሞክራችሁ አንድ ዝናብ ይለፍበት። ግድግዳውን በሙሉ መለሰን አያስፈልግም፣ የተከፈተውን መገጣጠሚያ ብቻ ሙሉ። አዲስ መምሰል የለበትም፣ የመቶ ዓመት ሰው ነው።

ከግድግዳው በፊት ግን ጣራው። ግድግዳ ያለ ጣራ አንድ ሁለት ክረምት ይችላል፣ ከዚያ የግድግዳው ጫፍ ውሃ ይጠጣና ከላይ ወደ ታች ይከፈታል። የቀረውን የጣራ እንጨት ወጥታችሁ እዩት፣ በተለይ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ጫፉን፣ ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ከመሀል ደህና የመሰለ አግዳሚ ጫፉ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሚተካውን ብቻ ተኩ፣ የድሮውን ተዳፋት አትቀይሩ፣ የበረንዳው ክዳን ወደ ውጭ የሚወጣበትን ልክ አታሳጥሩ፣ ግድግዳውን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጋርደው እሱ ነው፣ ቆርቆሮውን ደግሞ ለቆላው ንፋስ አጥብቃችሁ እሰሩት። ገንዘቡ እስኪሞላ ጊዜያዊ ክዳን ከሆነ የምታደርጉት ቆርቆሮ ይሁን፣ የፕላስቲክ ሸራ በዚያ ፀሐይ አንድ ወቅት አይጨርስም።

ሁለተኛው ወጪ መሬት ላይ ነው፣ ማንም አያስበውም። የሃዲዱ ድልድል ማለት እኮ ከጎርፉ ፊት የቆመ ግድብ ነው፣ ውሃው የሚያልፈው ከሥሩ በተሠሩት መተላለፊያ ቦዮች ነው፣ እነሱን ጠጋኞቹ በየጊዜው ይጠርጓቸው ነበር። አሁን በደለልና ፕሮሶፒስ በሚባለው እሾሃም ወራሪ ዛፍ ተደፍነዋል፣ ስለዚህ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ጣቢያው ጓሮ ይተኛል። የድሬዳዋን የ1998 ጎርፍ ያየ ሰው በዚያ አገር ደረቅ ወንዝ ምን እንደሚያመጣ አይነገረውም። በጣቢያው ግራና ቀኝ ያሉትን ቦዮች ጥረጉ፣ ይሄ በሰፈር ጉልበት በትንሽ ገንዘብ ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ሕንፃውን ያድናል። ፕሮሶፒሱን ከመሬት በላይ ከቆረጣችሁት በርትቶ ይመለሳል፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ከሥር ግንዱ በታች ቁረጡት፣ ግድግዳ ሥር የገባውን ግን በትራክተር ጎትታችሁ እንዳትነቅሉ፣ ድንጋዩ አብሮ ይመጣል።

መቆፈር ስል ጥንቃቄ አለ። ያ አካባቢ በ1969 እና 70 የተዋጉበት ነው፣ ድልድይና ጣቢያ ደግሞ ዒላማ ነበር። ብረት ነገር ሲያጋጥማችሁ ልጆችን አርቃችሁ፣ ሳትነኩ፣ ለፖሊስ ንገሩ፣ እንደ ቅርስ አንስታችሁ ፎቶ እንዳትነሱበት። መጋዘኑ ላይ ያለው ክዳን ግራጫ፣ ሞገድ ያለው፣ ቆርቆሮ ያልሆነ ነገር ከሆነ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፣ አትስበሩት፣ አትጥረጉት፣ ባለሙያ እስኪያየው ባለበት ይቆይ። ሃዲድም ቢሆን ለመታሰቢያ ብላችሁ ከቦታው አታንሱ፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ሌባውና እናንተ በአንድ ዓይን ትታያላችሁ።

ስለ ዕቃዎቹ፣ የጣቢያው ደወል ወይም ሰዓት ወይም ሚዛን በከተማው ሰው ቤት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ማን ቤት እንደሆነም። «ሌባ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ብዙዎቹ ለቁራሌው እንዳይሸጥ ያነሱት ናቸው። ፎቶ አንሱ፣ ማን እንደያዘው መዝግቡ፣ እዚያው ይቀመጥ፣ በር ያለው ቤት ሲኖራችሁ ይመለሳል። ከዕቃው በላይ የሚያስቸኩለው ሰው ነው፣ የመጨረሻዎቹ ጠጋኞችና የጣቢያ ሹሞች አርጅተዋል። ኤርትራኖች ከነፃነት በኋላ የምጽዋ አስመራን መስመር መልሰው ሲሠሩ ጡረተኞቹን ነው ከቤታቸው የጠሩት፣ ሎኮሞቲቩን የሚያውቀው ሌላ ሰው አልነበረም። እናንተ ባቡር አታስነሱም፣ ግን የትኛው ክፍል ምን እንደነበር፣ ቦዩ የት እንደተቀበረ፣ ውሃው ከየት ይሳብ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስልክ ከፍታችሁ ጣቢያው ላይ ቆመው ይንገሯችሁ፣ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በየሚቀናቸው።

የገንዘቡን ነገር ከዚህ ሆኜ ቁጥር አልሰጥህም፣ ጣራውን ወጥቶ ያላየ ሰው የሚሰጥህን ቁጥርም አትመን፣ የግንበኛህን «ሁለት ወር» ጨምሮ። ከኮርፖሬሽኑ ውል ሳይፈረም ጎፈንድሚ አትክፈቱ፣ ሰው ሰጥቶ ሁለት ዓመት ምንም ሳያይ ሲቀር በድጋሚ አይሰጥም። ውሉ ይዘገያል፣ እሱን አልደብቅህም፣ ስለዚህ ከዋናው ማመልከቻ ጋር ሌላ አጭር ደብዳቤ አያይዙ፣ ውሉ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ክዳን እንድታለብሱና ቦዮቹን እንድትጠርጉ ብቻ የሚጠይቅ፣ ለአደጋ መከላከል የሚሆን ፈቃድ ከጥገና ፈቃድ ቶሎ ይገኛል። ይሄ ከመጋቢቱ ዝናብ በፊት መድረስ አለበት። ሌላው ሁሉ እሺ ሲሉ ይሆናል፣ ለመለካትና ፎቶ ለማንሳት ግን ማንንም አትጠብቁ፣ አንድ ሜትር የሆነ እንጨት ቀይና ነጭ ቀብታችሁ በእያንዳንዱ ግድግዳ ፊት አቁሙ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ በር በበር፣ ከነስንጥቁ፣ ቅጂውን ደግሞ ከአገር ውጭ ካላችሁት አንዳችሁ ጋ አስቀምጡ።